ትራውትን ለመቁጠር፦ ጎጆ ወይስ ኤሌክትሪክ?

ወንዙ ውስጥ ስንት የዱር ትራውት (የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ) አለ? እየተራባስ ነው? ይህን ለማወቅ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ።

አንዱ ጎጆ መቁጠር ነው። ሴቷ ትራውት በጅራቷ ጠጠሩን እየገፋች ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ እንቁላሏን ጥላ መልሳ በጠጠር ትሸፍነዋለች፤ ጎጆ የሚባለው ይህ ነው። አዲስ የተገለበጠው ጠጠር አልጌ ስለሌለበት ከዙሪያው ፈካ ብሎ ይታያል። ዳር ዳሩን እየሄዱ መቁጠር ነው። ወጪው ቀላል ነው፤ ዓሣውንም ማንም አይነካውም። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ጎርፍ ከመጣ ግን ልፋቱ ገደል ገባ። አንዷ ሴት ከአንድ በላይ ጎጆ ልትሠራ ትችላለች፤ አንዳንዴም ቆፍራ ሳትጥልበት ትሄዳለች። ጀማሪ ቆጣሪ ደግሞ ነጣ ያለ ጠጠር ባየ ቁጥር ጎጆ ነው ይላል!

ሁለተኛው ውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ለቆ ዓሣውን ለአፍታ ማደንዘዝ ነው። በመረብ ይነሳል፣ ይለካል፣ ይመለሳል። የተያዘውን ሥራው እስኪያልቅ ለብቻ አቆይተው ያንኑ ቦታ ሁለት ሦስቴ ሲያጠምዱ የሚያዘው ቁጥር በምን ያህል እንደቀነሰ ታይቶ ጠቅላላው ይገመታል። ትልቁ ጥቅሙ የዘንድሮዎቹን ጫጩቶች ማሳየቱ ነው። ጎጆ የሚነግረን እናቶቹ መምጣታቸውን እንጂ እንቁላሉ መፈልፈሉን አይደለም። ግን የሠለጠነ ሰው፣ ፈቃድና መሣሪያ ይፈልጋል። ጥልቅ ውሃ ላይ ብዙም አይሠራም፤ የዓሣውን አከርካሪም ሊጎዳ ይችላል። በመራቢያ ወቅትማ ባይሞከር ይሻላል።

እኔ ብሆን በየዓመቱ ጎጆ እቆጥራለሁ። ኤሌክትሪኩን አልፎ አልፎ፣ በተመረጡ ቦታዎች ብቻ፣ ጫጩቶቹ ጠንከር ካሉ በኋላ አመጣዋለሁ።