ለበጋው የባሕር በረዶ፦ መሰርሰሪያና ሜትር ወይስ ኢኤም31?

ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ያላችሁ ልጆች በጋ በመጣ ቁጥር ትደውላላችሁ። «ግሪንላንድ አጠገብ ወዳለው ፍራም ሰርጥ ልንወጣ ነው፣ የበረዶ ውፍረት መለኪያ የቱን እንግዛ?» አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መሰርሰሪያውን ግዙ። 5 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ የሚበሳ ጠመዝማዛ ብረትና ጫፉ ላይ የሚታጠፍ ክብደት ያለው ሜትር፣ አለቀ። ሜትሩን ወደ ውኃው ትለቁታላችሁ። ክብደቱ ከታች አግድም ይዘረጋል፣ ስትስቡት የበረዶው ሆድ ላይ ይያዛል። ቁጥሩን ማንበብ ነው።

ኢኤም31 የሚባለው በኤሌክትሮማግኔት የሚለካ መሣሪያ ቀዳዳ አይፈልግም። ጨዋማው ባሕር ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ በረዶው እምብዛም ነው፤ ከዚህ ልዩነት ውኃው የት እንደሚጀምር ይነግራችኋል። በመንሸራተቻ እየጎተታችሁ ረጅም መንገድ ትለካላችሁ፣ ይህን አልክድም። ዋጋው ግን አይቀመስም፤ ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል። ሁለቱ የሽቦ ጥቅልሎቹ በ3.66 ሜትር ስለሚራራቁ ሰፊ ቦታ አማክሎ ያነባል፤ የተቆለለ በረዶ ላይ ውፍረቱን እስከ ግማሽ ሊያሳንሰው ይችላል። የቀለጠ በረዶ ኩሬ ሲያገኝ ደግሞ ጨው የሌለውን ውኃ በረዶ ብሎ ይቆጥራል። ንባቡን ለማረጋገጥም ቀዳዳ መብሳት የግድ ነው። ያው መሰርሰሪያ ልትገዙ ነው!

እኔ የተሸወድኩት በኮር ማውጫ ነው፤ ኮር ማለት ከበረዶው በቱቦ ተቆርጦ የሚወጣ ዱላ መሰል ናሙና ነው። ለሙቀትና ለጨው መጠን ኮር ያስፈልጋል። ባለ 9 ሳንቲ ሜትሩን ኮቫክስ ማርክ 2 የተባለ ኮር ማውጫ የሚመስል ኮፒ በግማሽ ዋጋ አገኘሁና ዘለልኩበት። ኮሩን ከታች የሚይዙት ጥርሶች ልል ነበሩ። የበጋ በረዶ ደግሞ የሻገተ ዳቦ ነው፤ ባዶ ቱቦ ይዤ ወጣሁ። በማግስቱ ላዩ ላይ የቀለጠው ውኃ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ጨው ስለሌለው በ0 ዲግሪ ይረጋል፤ የበረዶው ታች ግን ወደ −1.8 ነው። ቱቦው ተጣብቆ ቀረ። ሦስት ሰዓት በመጥረቢያ! ከነጭ ድብ ከሚጠብቀን ሰውዬ ጋር እየተሳሳቅን፣ እሱ የሚስቀው በእኔ ነበር። ምላጩም ተሰበረ፤ የኦሪጅናሉ መለዋወጫ ብሎኑ አልገጠመለትም። ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ኦሪጅናሉም ቢሆን ተአምር አይሠራም። ኮሩ ሲወጣ ጨዋማው ፈሳሽ ይንጠባጠባል፣ የጨው መጠኑም ጥግግቱም አንሶ ይነበባል። ሙቀቱን ወዲያው ለኩ፣ ቆራርጣችሁ በየላስቲኩ ክተቱ። ከኢኤሙ ባተረፋችሁት ብር ትርፍ ምላጭና ደህና የጨው መለኪያ ያዙ። ኢኤሙ የግድ ካለባችሁ ተከራዩ።

ያገለገለ ኮር ማውጫ ካያችሁ ጥርሶቹን በጣት ግፏቸው። ራሳቸው ካልተመለሱ፣ በነጻም ቢሆን አትውሰዱት።