የባንድ ዘፈን ወይስ የኪቦርድ፣ የቱ ይቆያል?

ትናንት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስመጣ ሾፌሩ መጀመሪያ አንድ የዘንድሮ ነጠላ ዜማ ከፈተ ማንም ምንም አላለም፣ ከዛ የጥላሁን ገሠሠን ሲከፍት ከኔ በዕድሜ የሚያንሱት ሳይቀሩ ማንጎራጎር ጀመሩ፣ ይሄው እስካሁን እሱን እያሰብኩ ነው።

የድሮው በባንድ ነው የተሰራው። ጥላሁን ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር፣ ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የሚጫወቱለት ሙዚቀኞች ማታ ማታ መድረክ ላይ አብረው የሚያመሹ ስለነበሩ ሳክስፎኑ ዘፋኙን ይሰማዋል፣ ይመልስለታል። ሸክላው ደሞ በአንድ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ትርፍ ነገር አይገባበትም።

የአሁኑን አንድ ልጅ ኪቦርድና ኮምፒውተር ይዞ ብቻውን ይጨርሰዋል፣ ዩቲዩብ ላይ ይለቀዋል። ወጪው ይቀንሳል፣ ለጀማሪ በር ከፍቷል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ድምፁ አውቶቲዩን በሚባለው ሶፍትዌር ሲስተካከል የዘፋኙ ለዛ ይጠፋል።

ቅኝቱማ ያው ነው፣ ትዝታም ባቲም አሁንም አለ። ለኔ ዘፈን የሚያቆየው ያለምንም መሳሪያ እቃ እያጠብክ ልታንጎራጉረው የምትችለው ዜማና ልብ የሚነካ ግጥም ነው፣ እሱን ደሞ በብዛት የማገኘው በባንድ ከተሰሩት ነው፣ ስለዚህ የባንዱን እመርጣለሁ፣ በላይቭ ባንድ የሚቀዱ ወጣቶች ሲመጡም ከልቤ ደስ ይለኛል።