ኮድ ለመጻፍ የቱን ላፕቶፕ ልግዛ? ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ

ኮድ መጻፍ ልትጀምሩ አስባችኋል፤ ወይም ያለው ማሽን አልችልም ብሏችኋል። ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተር ቪኤስ ኮድ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ላይ በነጻ ይሠራል። የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊት፣ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንና የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው ኖድም እንዲሁ። ስለዚህ ለኤዲተሩ ብላችሁ አትጨነቁ። ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው።

ብዙ ሰው እጅ ላይ ካለው ከዊንዶውስ ልጀምር። ድሮ ዊንዶውስ ላይ ሆኖ፣ ሰርቨር (ድረ ገጽና አፕ የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ላይ የሚውል ነገር መሥራት ያታክት ነበር። መመሪያው ሁሉ ለሊኑክስ የተጻፈ ነው፤ ትዕዛዙን ኮፒ ስታደርጉት እምቢ ይላል። ማይክሮሶፍት የሊኑክስ ትዕዛዞችን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራውን ደብልዩኤስኤልን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ2019 ይፋ ያደረገው ሁለተኛው ስሪት ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ያስኬዳል። አሁን ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ አንዲት ትዕዛዝ ጽፋችሁ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ስትመለሱ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ዝግጁ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፕሮጀክታችሁን ሲ ድራይቭ ላይ አስቀምጣችሁ ከኡቡንቱ በኩል አትሥሩበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ፓኬጅ መጫን ቀኑን ሙሉ ይፈጅብኝ ነበር። ማሽኑ ያረጀ መስሎኝ አዲስ ልገዛ ዋጋ ማጠያየቅ ጀምሬ ነበር። ፎልደሩን ወደ ኡቡንቱው የራሱ ሆም ፎልደር ሳዛውረው ያ ሁሉ መጎተት ቀረ።

ራሙንም አስቡበት። ደብልዩኤስኤል ገደብ ካላበጃችሁለት የማሽኑን ራም እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። 8 ጊጋ ባለው ላፕቶፕ 4ቱ ወደዚያ ከሄደ ዊንዶውሱ፣ ብሮውዘሩና ኤዲተሩ በቀሪው 4 ይጨናነቃሉ። በዚህ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ከ16 በታች አትግዙ።

ማክ ጋ ስንመጣ፣ የአይፎን አፕ መሥራት የሚፈልግ ሰው ብዙ ማመንታት የለበትም። የአይፎን አፕ መሥሪያው ኤክስኮድ የሚሠራው ማክ ላይ ብቻ ነው። በ2020 ከመጣው ኤም1 ቺፕ ወዲህ ባትሪውም በጣም ያስደስታል። ተርሚናሉ የዩኒክስ ዘር ስለሆነ ፕሮግራም ማውረጃውን ሆምብሩን ጭናችሁ የቀረውን በእሱ ታወርዳላችሁ። ችግሩ ራሙ ከቺፑ ጋር አብሮ የታሸገ መሆኑ ነው። በኋላ ልጨምር ብትሉ አይቻልም። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የወጡት ማክቡክ ኤርና ፕሮ መነሻቸው 16 ጊጋ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን 8 ያላቸው ብዙ ናቸው። ያገለገለ ማክ ስታዩ ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ይህን ቁጥር ጠይቁ።

ሌላም አለ። ማክ እንደመጣ ከሆነ በፋይል ስም ላይ ካፒታልና ስሞል ፊደልን አይለይም። ፋይሉን በካፒታል ሰይማችሁ ኮዱ ውስጥ በስሞል ብትጠሩት ዝም ብሎ ይሠራል። የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስትጭኑት ግን ፋይሉ የለም ይላችኋል።

ሊኑክስ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ቤታችሁም ሰርቨሩም አንድ ዓይነት ነው። አፕን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ጠቅልሎ የሚያስኬደው ዶከርም በቀጥታ ይሠራል። በሌሎቹ ሁለቱ ላይ ከሥር ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ራም ይበላል። ለረጅም ጊዜ የሚደገፈው የኡቡንቱ ኤልቲኤስ ስሪት ለ5 ዓመት ዝማኔ ያገኛል። የሚያስቸግረው ሃርድዌሩ ነው። አንዳንድ ዋይፋይ ካርድና የጣት አሻራ ማንበቢያ አይታዘዝም። ሳትጭኑ በፊት ከፍላሽ አስነሱትና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ክዳኑን ዘግቶ መክፈቱን ሞክሩ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ወደ 11 አልሄድ ያለ ጤነኛ ላፕቶፕ ካላችሁ አትጣሉት፤ ኡቡንቱ ብዙ ያሠራችኋል።

የእኔ ምርጫ? ለአይፎን ማክ። ለአንድሮይድ ከሦስቱ የተመቻችሁ፣ ግን ኢሙሌተሩ (ኮምፒውተር ላይ ስልክ መስሎ የሚሠራው ፕሮግራም) ከባድ ስለሆነ 16 ጊጋ ይኑረው። ለዌብና ለባክኤንድ (ሰርቨር ላይ ለሚሠራው ክፍል)፣ በተለይ እጅ ሲያጥር፣ 8 ጊጋ ካለው አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ 16 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ኡቡንቱ እጭንበታለሁ። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው ወይስ የሚነቀል? የሚነቀል ከሆነ በኋላ መጨመር ስለሚቻል፣ ዛሬ 8 ይዞም ቢሆን ይወሰዳል።