ፊያኽራ በብራና፦ የጣና ዳር ስም ጻፊዎች አገልግሎት ሲገመገም

ባሕር ዳር፣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱ ጀልባዎች በሚነሡበት አካባቢ፣ የእንግዳን ስም በግእዝ ፊደል ብራና ላይ ጽፈው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። እንግዳው ስሙን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ጻፊው በመቃ ብርዕ ያሰፍርለታል። ብራናውም የእጅ ጽሕፈቱም የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ያለው ስሙ ከወረቀቱ ወደ ፊደላችን በሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ክፍተት ከአየርላንድ የወንድ ስሞች በላይ የሚያጋልጥ የለም። ከእነሱም ውስጥ ከአገሩ ውጭ እምብዛም የማይሰማውን «ፊያኽራ»ን መርጠናል፤ ይህ ስም ለጣና ዳር ሰው ባዕድ እንዳልሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

ስሙ በላቲን ሲጻፍ ሰባት ሆሄያት አሉት፦ ኤፍ፣ አይ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤች፣ አር፣ ኤ። እንግሊዝኛ የለመደ ጻፊ «ሲ» እና «ኤች» ተከታትለው ሲያይ እጁ በቀጥታ ወደ «ች» ይሄድና ብራናው ላይ «ፊያችራ» ይቀመጣል። እንዲህ የሚባል ሰው የለም። በአይሪሽ ቋንቋ ሁለቱ ሆሄያት እዚህ ቦታ ላይ የሚወክሉት ከጉሮሮ የሚወጣውን «ኽ» ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ድምፁ ስለሚቸግራቸው «ፊያክራ» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን ፊደሉ አለን፤ «ኸ» ከነሰባቱ ቤተሰቡ ተሰልፎ ይጠብቃል። ትግርኛ የሚሰማ ሰው ደግሞ ድምፁን አጥርቶ ይለየዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጽሕፈት «ፊያኽራ» ነው፤ ላቲኑ በሰባት ሆሄ የሚለውን እኛ በአራት ፊደል እንጨርሰዋለን። የመጨረሻው ድምፅ ላልቶ ስለሚነገር «ረ» ይበልጥ ይቀርበው ነበር። ነገር ግን «ፊያኽረ» ሲባል እንደ «ነገረ» እና «ጀመረ» ግስ መስሎ ስለሚሰማ «ራ»ን እንመርጣለን።

ሌሎቹም ስሞች በዚሁ መንገድ ይበላሻሉ። «ታይግ» የጥንት ትርጉሙ ባለቅኔ ነው፤ በመካከሉ የማይነበቡ ሆሄያት ስላሉት «ታድህግ» ሆኖ ይወጣል። «ኦሺን» ትንሹ ዋላ ማለት ነው፤ ብራና ላይ «ኦይሲን» ይሆናል። ምክንያቱም በአይሪሽ «ኤስ» ከ«አይ» ወይም ከ«ኢ» አጠገብ ሲቆም «ሽ» እንደሚባል ጻፊው አያውቅም። «ሾን» የሚለው የታወቀ ስምም «ሽ»ን ያገኘው በዚሁ ሕግ ነው። ከሁሉ ቀላሉ «ኮልማን» ነው፤ አነባበቡ ከአጻጻፉ ብዙ አይርቅም። ርግብ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ስም ነው።

ብዙ ጻፊዎች ከስሙ ሥር የትርጉም መስመር ይጨምራሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል በሚባልበት አገር ይህ ተገቢ ነው፤ ግን የሚጻፈው ነገር መጣራት አለበት። «ፊያኽ» በአይሪሽ ቁራ ነው፤ ስሙም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ቃል ጋር ይያያዛል። «የቁራ ንጉሥ» የሚለው ማብራሪያ በብዛት ቢደገምም ሁለተኛው ክፍል አከራካሪ ስለሆነ ብራና ላይ ባይሰፍር ይሻላል። ጻፊው ደግሞ «ቁራ» ብሎ ለመጻፍ ቢያመነታ አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ «የቁራ መልእክተኛ» ማለት ተልኮ የማይመለስ ሰው ነው፤ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ የቀረው ቁራ ስሙን አበላሽቶታል። ሆኖም ኤልያስን በኮራት ፈፋ እንጀራና ሥጋ እያመላለሰ የመገበውም ቁራ ነው። ይህን ለደንበኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችል ጻፊ ከሌሎቹ ይልቃል፤ ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠይቅም ይገባዋል።

ስሙን ያስከበረው በሰባተኛው መቶ ዘመን የኖረ አየርላንዳዊ መነኩሴ ነው። ባሕር ተሻግሮ በፈረንሳይ፣ ከፓሪስ ብዙም በማትርቀው በሞ ከተማ አካባቢ በኣት አጸና፤ በ670 እ.ኤ.አ. ገደማ ዐረፈ። ፈረንሳዮች «ፊያክር» ይሉታል። ገድሉ እንደሚለው፣ የከተማዋ ጳጳስ ፋሮ «በአንድ ቀን በቦይ ልትከብበው የምትችለውን ያህል መሬት ውሰድ» አለው። መነኩሴውም በበትሩ ጫፍ መሬቱን ሲነካ አፈሩ እየተገለበጠ ሄደ፤ በዚያም የአትክልትና የመድኃኒት ዕፅ ቦታ አቋቋመ። የአትክልተኞች ጠባቂ ቅዱስ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሥዕሉም አካፋ ይዞ ነው።

ይህን የሚሰማ የዘጌ ሰው ወዲያው አቡነ በትረ ማርያምን ያስባል። በዘጌ ትውፊት ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የበቀሉት ከእሳቸው በትር ነው፤ መሬቱም በበሬ አይታረስም። በትር፣ መነኩሴ፣ ከበትር የተገኘ አትክልት፤ ሁለቱ ታሪኮች ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የቅዱሱ መታሰቢያ በፈረንጆች ኦገስት 30 ነው፤ ይህም በእኛ ነሐሴ 24፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት በሚከበርበት ዕለት ይውላል። የዚያኛው ስም ራሱ በ«ተክል» ይጀምራል። ለትርጉም መስመር «ቁራ» ከሚለው ይልቅ «የአትክልተኞች ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ስም» የሚለው ተመራጭ ነው የምንለው ለዚህ ነው፤ እውነትም ነው፣ እዚህ አገር ለተጻፈ ብራናም ይስማማል።

ስሙ ከገዳም ወጥቶ መንገድ ላይም ውሏል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ በቅዱሱ ስም ከሚጠራ ቤት ሠረገላዎች ይከራዩ ስለነበር፣ የኪራይ ሠረገላ «ፊያክር» ተባለ። «ባጃጅ»ም የሕንድ ቤተሰብ ስም ነው፤ ዛሬ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ይህን የሚያስታውስ የለም። በፈረንሳይኛ አነባበቡ ስሙ አፍሪካም ደርሷል፤ የሩዋንዳ ብሔራዊ ቡድን ግብ ጠባቂ ፊያክር ንትዋሪ ይባላል። አየርላንድ ውስጥ ዛሬም ለልጅ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአብዛኛው ዓመት የወንዶችን ዝርዝር ከመራው ከ«ጃክ» ጋር የሚስተካከል አይደለም። የአገሪቱ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ቢሮ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉትን የሕፃናት ስሞች ይፋ ስለሚያደርግ፣ ስንት ልጆች እንደተሰየሙበት ማየት የሚፈልግ ከዚያ ያገኘዋል።

ወደ ዕቃው እንመለስ። እውነተኛ ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ይለሰልሳል። ብርሃን ላይ ሲያዙት የጠጉሩ ቀዳዳዎች ነጥብ ነጥብ ሆነው ይታያሉ፤ ሁለቱ ገጾችም ቀለማቸው አይመሳሰልም። በቡና ወይም በሻይ የተነከረ ወፍራም ወረቀት እንደ ብራና ሲቀርብ ያታልላል፤ ጠርዙ ላይ ጭረት ጭረት ከታየና ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ከሆነ ወረቀት ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ሲሠራ ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ የፋብሪካ ማርከር ግን ጊዜ ሲያልፍ ይገረጣል፣ በደንብ ባልለሰለሰ ቆዳ ላይም ይፈስሳል። ቆዳው ላይ ስብ ከቀረ ጥሩ ቀለምም ቢሆን አይዝም፤ ሲደርቅ ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል። ጻፊው ከመጻፉ በፊት በወስፌ ስልት ያለው መስመር ካላሰመረ ደግሞ አራቱ ፊደላት ወጣ ገባ ይላሉ፤ በተለይ «ኽ» እና «ራ» ቁመታቸው ሳይመጣጠን ይቀራል።

በቀይ ቀለም ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በብራና መጻሕፍት ቀይ የሚውለው ለቅዱሳን ስምና ለአርዕስት ስለሆነ፣ ለደንበኛው ስም ጥቁር፣ ቅዱሱን ለሚያነሣው መስመር ቀይ ቢሆን ሥርዓቱን ይጠብቃል። ሁሉንም በቀይ የሚጽፍ ጻፊ ዓይን ለመሳብ ነው የሚሠራው።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ለብራናውና ለእጅ ጽሕፈቱ ሙሉ ነጥብ፣ ለስሙ አነባበብ ግማሽ፣ ለትርጉሙ ደግሞ እንደ ጻፊው። የአየርላንድ ስም ይዞ የሚመጣ እንግዳ ስሙን በወረቀት ከመስጠት ይልቅ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይጥራው፤ ጻፊው የሰማውን በእርሳስ ጽፎ መልሶ ያንብብለት፤ ድምፁ ሲገጥም ብቻ ቀለም ይነካ። አስጎብኚ አብሮ ካለ ይህን ሥራ እሱ ይያዝ፤ «ች» ወይስ «ኽ» የሚለውን ጥያቄ ከቀለሙ በፊት ማንሣት ብራናውን ከመፋቅ ያድናል። የተፋቀ ቦታ ሻክሮ ይቀራል፣ ቀለምም ይመጠምጣል።

ክረምት ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የሐይቁ እርጥበት ብራናውን ያጣምመዋል። ቢያንስ አንድ ሌሊት በሁለት ጣውላ መካከል ተጭኖ ይደር። ፕላስቲክ አይለበጥ፤ ውስጡ የቀረው እርጥበት ሻጋታ ያበቅላል። ክፈፍ ውስጥ ሲገባም መስተዋቱ ቀለሙን እንዳይነካ በዳር በዳሩ ቀጭን እንጨት ይግባበት።