የነቀዘ ዝምታ፦ «ስፒክ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ከባሕር ዳር ልጃገረዶች ጋር ለማንበብ

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እህሉም እንጨቱም ይነቅዛል፤ ያልወጣ ቃል ግን ሆድ ውስጥ ስንት ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም ለማለት ነው። የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሎሪ ሃልስ አንደርሰን ልብ ወለድ «ስፒክ» ይህን አባባል ከሥሩ ይነቅለዋል። ዝምታ በየት በኩል መንቀዝ እንደሚጀምርና ወዴት እንደሚዛመት በአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ላይ ከትምህርት መክፈቻ እስከ መዝጊያ ያሳያል።

ይህ ግምገማ የታሪኩን መጨረሻ ይነካል። መጽሐፉን ከልጃገረዶች ጋር ለማንበብ የሚያስብ ሰው፣ የክበብ አስተባባሪም ይሁን የእንግሊዝኛ መምህርት ወይም እናት፣ መጨረሻውን ሳያውቅ መጀመር የለበትም።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ነበር። ወደ 200 ገጽ ነው። ሜሊንዳ ሶርዲኖ የምትኖረው በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሲራኪዩስ ነው። 9ኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት፣ በነሐሴ፣ አንድ ግብዣ ላይ ከእሷ በክፍል የሚበልጥ ተማሪ አስገድዶ ይደፍራታል። ወደ ፖሊስ ትደውላለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። ፖሊስ ሲደርስ ግብዣው ይበተናል፣ የሚታሰርም ይታሰራል። ትምህርት ሲከፈት የቅርብ ጓደኛዋን ራሄልን ጨምሮ ሁሉም ፊቱን ያዞርባታል። ለምን እንደደወለች የሚጠይቃት የለም። ደራሲዋ የግብዣውን ሌሊት በግልጽ የምትተርከው መጽሐፉ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አንባቢዋ የምታየው የተነከሱ ከንፈሮችን፣ የሚያሽቆለቁል ውጤትንና ባዶ ቦታዎችን ብቻ ነው።

ባዶ ቦታዎቹ የመጽሐፉ ትልቁ ጥበብ ናቸው። ንግግሮች ብዙ ጊዜ እንደ ተውኔት ይጻፋሉ፤ የተናጋሪው ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ቃሉ። የሜሊንዳ ተራ ሲደርስ «እኔ፦» ይላል፤ ከዚያ ምንም የለም። ቀጣዩ መስመር የሌላ ሰው ነው። ጮክ ብላ የምታነብ ሰው እዚህ ላይ ዘልላ እንዳታልፍ አደራ። «እኔ» ብላ ሦስት ሰከንድ ያህል ዝም ትበል። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ሳቁ ይቆማል።

አሁን ወደ ባሕር ዳር። በሜሊንዳ ትምህርት ቤት ዝምታዋ ያስቆጣል፤ መምህራኑ ይገስጿታል፣ ወላጆቿ ይጠራሉ፣ ሁሉም የሆነ ነገር ተበላሽቷል ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን አይደርስበትም። እኛ ዘንድ ይህችው ልጅ ትመሰገናለች። «ጨዋ ናት፣ አንገቷን የደፋች፣ ድምፅዋ የማይሰማ» እንላለን፤ ሌሎቹም እንደ እሷ እንዲሆኑ ይመከራሉ። ስለዚህ እዚህ ያለች አንባቢ የምትፈልገው ምልክት ዝምታው ራሱ ሳይሆን ለውጡ ነው። ትናንት ስታወራ የነበረች ዛሬ ያቆመች፣ ሒሳብ ትወድ የነበረች የተወች፣ ቡና ሲፈላ ከሰው ጋር ላለመቀመጥ ሥራ የምታበዛ፣ ሆዴን ራሴን እያለች የምትቀር። ሜሊንዳ የተተወች የጽዳት ዕቃ ክፍል አግኝታ እዚያ ትደበቃለች። የእኛ ልጅ መደበቂያዋ ጓዳና እንስራ ሊሆን ይችላል፤ ሰው መካከል ሆና ስለምትደበቅ ለማየት ይከብዳል። ከዘጌ ወይም ከዙሪያው ወረዳዎች ስንቋን ይዛ መጥታ ባሕር ዳር ቤት ተከራይታ የምትማረው ልጅ ደግሞ የትናንቷን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ የለም። ለውጡን የሚያስተውለው ማነው? ይህን ጥያቄ ይዞ መጽሐፉን ማንበብ ብዙ ያወጣል።

ከንፈርም ሌላ ነገር ነው። ሜሊንዳ ከንፈሯን እስኪደማና እስኪቆስል ትነክሳለች። በአማርኛ ከንፈር መንከስ ቁጭት ነው፣ ከንፈር መምጠጥ ደግሞ ማዘን። አንዷ ትነክሳለች፣ ሌላው ሰው ይመጥጣል፣ መካከል ላይ የሚናገር አፍ የለም። ይህን ለልጆቹ ማሳየት አንድ ሰዓት ሙሉ ያወያያል።

በእንግሊዝኛው እየተነበበ በአማርኛ የሚወያዩበት ከሆነ የሚያደናቅፉ ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ርእሱ ነው፤ «ስፒክ» መናገርን የሚያዝ ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታም ቁጥርም የለውም። በአማርኛ «ተናገር»፣ «ተናገሪ»፣ «ተናገሩ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። «ተናገሪ» የሚለው ሸክሙን በልጅቷ ላይ ብቻ ይጥላል፤ «ተናገሩ» ካልን የክፍል ጓደኞቿንም መምህራኑንም ይጨምራል። ታሪኩ ሁለቱንም ይሸከማል፣ ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ፣ ምክንያታቸውንም ይናገሩ።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ሜሊንዳ የደፈራትን ልጅ ለረጅም ጊዜ በስሙ አትጠራውም፤ እንግሊዝኛ ለዕቃና ለእንስሳ በሚጠቀምበት ተውላጠ ስም ነው የምትጠራው። አማርኛ ለዚህ የተለየ ተውላጠ ስም የለውም። «እሱ» ከተባለ ሰው ሆነ፣ ፍርሃቱም ቀለለ። የሚሻለው «ያ ነገር» ማለት ነው፤ ስሙ አንዲ ኢቫንስ መሆኑ በግልጽ እስኪነገር ድረስ አስተባባሪዋም በውይይት ላይ እንዲሁ ትበል። ስሙን ቀድማ ካወጣች የመጽሐፉን አንድ ትልቅ እርምጃ ከልጆቹ ቀማች ማለት ነው።

ሦስተኛው ወቅቱ ነው። ሜሊንዳ እጅግ የምትወድቀው በበረዶው ወራት፣ በእኛ ጥርና የካቲት ነው። ይህን «ክረምት» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ እኛ ዘንድ ክረምት ትምህርት የሚዘጋበት የዝናብ ጊዜ ነውና። «የበረዶው ወራት» ይባል። እንደዚሁም ነሐሴ እዚያ የበጋ ዕረፍት ማብቂያ፣ ሜዳ ላይ የሚጨፈርበት ነው፤ እዚህ ዝናብና ጾመ ፍልሰታ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ማብራሪያ ቀድሞ ካልተሰጠ ልጆቹ «በነሐሴ ምን ግብዣ አለ?» በሚለው ላይ ይቀራሉ።

ሜሊንዳ መምህራኑን በቅጽል ስም ነው የምትጠራቸው። የማኅበራዊ ሳይንሱ መምህር «አቶ አንገት» ነው። የእኛም ተማሪ ይህን ያውቅበታልና ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አነባበቡ። ከ8 እስከ 12 ልጅ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ዝም የምትል ልጅ ትጠፋለች። መጽሐፉ እንደ አሜሪካ ትምህርት ቤት አቆጣጠር በአራት ሩብ ዓመት የተከፈለ ነውና ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ስብሰባ፣ በድምሩ 8 ቅዳሜ፣ በየጊዜው 25 ገጽ ያህል፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ግማሽ ገጽ የሆነም አለ። ዓረፍተ ነገሩ ቀላል ነው፣ የሚያስቸግረው የተማሪ ቋንቋው ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስብሰባ ከ15 የማይበልጡ ቃላት ተመርጠው አስቀድመው ይሰጡ። ሃምሳ ቃል ከተሰጠ የእንግሊዝኛ ፈተና ይሆናል።

ጮክ ብሎ ማንበብ በፈቃደኝነት ብቻ። መጽሐፉ ራሱ ምክንያቱን ያስተምራል፦ ሜሊንዳ ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት ታጋዮች ጥሩ ጽሑፍ ጽፋ፣ ቆማ ማንበብ ግን እምቢ ትላለች፤ ቅጂውን ለክፍሉ ታድላለች፣ ዝቅተኛ ውጤትም ይሰጣታል። ዴቪድ ፔትራኪስ የሚባለው የክፍል ጓደኛዋ ከዚያ በኋላ የሚላት ነገር ከመጽሐፉ ምርጥ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዝም የማለት መብትን ለማስከበርም መናገር ያስፈልጋልና። «ተነሺና አንብቢ» የምትል አስተባባሪ አቶ አንገትን ሆነች።

የጥያቄ ሣጥን ይኑር፣ ግን ሲሠሩት የሚበላሸው ነገር ይታወቅ። በ10 ልጅ መካከል የእጅ ጽሕፈት ይለያል፤ ጥያቄ የጻፈችው አንዷ ብቻ ከሆነች ደግሞ ወዲያው ትታወቃለች። መፍትሔው፦ ለሁሉም እኩል የተቆረጠ ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ቀለም እስክሪብቶ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጽፋል። ጥያቄ የሌላት ከዕለቱ ምንባብ አንድ መስመር ትገልብጥ። ጥያቄዎቹን አስተባባሪዋ በራሷ አባባል ታንብባቸው፤ ወረቀቱ ከክፍሉ አይውጣ።

የሥዕሉ ሥራ አይቀር። የሥዕል መምህሩ አቶ ፍሪማን ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነገር በዕጣ ያስወጣል፤ ለሜሊንዳ ዛፍ ይደርሳታል፣ ዓመቱን ሙሉ ዛፍ መሥራት አለባት። መጀመሪያ የምትሠራቸው የሞቱ ናቸው። በመካከሉ ከተበላ ተርኪ (የዶሮ ዓይነት ትልቅ ወፍ) አጥንትና ከአሻንጉሊት ጭንቅላት የምትሠራው ነገር ስለ ዛፍ አይደለም፣ መምህሩ ግን ሕመሙን ያነባል። ለክበቡ ዕጣ አያስፈልግም፤ የጣና ዳር ዋርካ ቅርብ ነው። በየስብሰባው መጨረሻ 10 ደቂቃ፣ አንድ እርሳስ፣ ያው ዋርካ። ለአንድም ሥዕል ውጤት አይሰጥ፣ «ቆንጆ ነው»ም አይባል። ስምንቱ ሲደረደሩ ልጆቹ የሚያዩትን ራሳቸው ይናገራሉ።

ሜሊንዳ በመደበቂያዋ ያለውን መስታወት በማያ አንጀሉ ምስል ትሸፍናለች። መጽሐፉ የማይናገረው፣ አስተባባሪዋ ግን ልታክለው የሚገባ ነገር፦ ገጣሚዋ ማያ አንጀሉ በልጅነቷ ተደፍራ ለአምስት ዓመት ገደማ መናገር አቁማ ነበር።

በፍጹም የማይጠየቅ ጥያቄ «ከእናንተ መካከል እንዲህ የደረሰባት አለች?» የሚለው ነው። ሳይጠየቅ ግን ሊመጣ ይችላል። ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት አስተባባሪዋ በከተማው ሆስፒታል እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚቀበለው ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ ቅዳሜና እሑድስ ማን እንዳለ በአካል ሄዳ ትጠይቅ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፦ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል፣ በዘገየ ቁጥር ግን ይደክማል። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል ውስጥ ያምቃል፣ ማስረጃውም ይበላሻል። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት ትልቅ ስሕተት ነው። «ካንቺ ሳልማከር አልናገርም» የሚለው ግን የሚጠበቅ ቃል ነው።

እዚህ ሲነበብ ሽማግሌ መላክ መነሳቱ አይቀርም፤ መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። ሕጉን በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያንን አስቀርቶታል። አንቀጽ 620 ለአስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች እስከ 20 ዓመት ይደርሳል።

ጉድለቱስ? መጨረሻው። አንዲ መደበቂያዋ ክፍል ውስጥ ያጠቃታል፣ ትጮኻለች፣ በመስታወት ስባሪ ታስቆመዋለች፣ ተማሪዎች ይደርሳሉ። ልብ ያንጠለጥላል፣ ግን ልጆቹ «ጠንካራ የሆነች ትጮኻለች፣ ያልጮኸች ደካማ ናት» ብለው ሊወስዱት ይችላሉ። ሰውነት በድንጋጤ መድረቁ የፈቃድ ጉዳይ እንዳልሆነ እዚህ ላይ በግልጽ መነገር አለበት። የተሻለው ድል ከዚያ ቀደም ያለው ነው፦ ሜሊንዳ በሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ከአንዲ ራቁ ብላ ትጽፋለች፣ በኋላ ስትመለስ ሌሎች ልጆች በሌላ በሌላ እስክሪብቶ ሥሩ ጽፈውበታል። ብቻዋን አልነበረችም። ሁለት ስብሰባ የሚገባው ይህ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በኤሚሊ ካሮል ሥዕል የወጣው የ«ስፒክ» የሥዕል መጽሐፍ እንግሊዝኛቸው ለደከመ ልጆች መልካም ነው፤ ንግግሩ ጥቂት፣ ፊቱ ብዙ። ብቻ ጥቃቱን በዓይን ስለሚያሳይ አስተባባሪዋ አስቀድማ ትየው፣ ልጆቹም ገጹን መዝለል እንደሚችሉ ከመጀመሪያው ይነገራቸው። ከልብ ወለዱ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራው ፊልም ከስምንተኛው ስብሰባ በኋላ ይታይ። ቀድሞ ከታየ የሜሊንዳ ውስጣዊ ድምፅ በተዋናይዋ ፊት ይተካል፣ «እኔ፦» የሚለውም ባዶ መስመር ለልጆቹ ባዶነቱ ይጠፋል።