የዶርዜ መስቀል፦ ሂዱ፣ በፓኬጅ ግን አይሁን

ፍርዱን ላስቀድም፣ ዝርዝሩን የሚፈልግ ይቀጥል። ለመስቀል ዶርዜ መሄድ አያስቆጭም። የሚያስቆጨው ከአዲስ አበባ «ባህላዊ ግብዣ ተካቷል» ተብሎ የሚሸጠው ፓኬጅ ነው። እኛ ሁለቱንም ቀምሰናል። ለመንደሩ ከ5 5 እሰጣለሁ። ለፓኬጁ 1 የምሰጠው ሹፌሩ ጨዋ ስለነበረ ብቻ ነው።

ለማያውቅ፣ ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው ያለው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ዶርዜ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ። ታች በቲሸርት ላብ በላብ ሆናችሁ ትነሱና ጠመዝማዛውን ጨርሳችሁ ስትደርሱ ጃኬት ፍለጋ ሻንጣ ትፈታላችሁ። ቀኑ ጥርት ያለ ከሆነ መንገድ ላይ ውረዱና ወደ ታች እዩ። አባያ ሐይቅ ቡናማ፣ ጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት። በመስከረም ግን ጉሙ ድንገት ይመጣና ከፊት ያለው መኪና ራሱ ይጠፋል። መንገድ ዳር እየጨፈሩና እየተገለበጡ መኪና የሚያስቆሙ ልጆች አሉ። እባካችሁ በመስኮት ብር አትወርውሩ። ጎማ ስር የሚገባ ልጅ አይቼ ነፍሴ ወጥታ ነበር።

የፓኬጁ ግብዣ ምን ይመስል ነበር? ከሰዓት በኋላ ደረስን። አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ «ቶሎ ቶሎ» ይለናል። አንድ ቤት አስገቡን፣ ቆጮ በማር ቀረበ፣ አረቄ በመለኪያ ዞረ፣ ጭፈራ ተጀመረ፣ ሳይሞቅ አለቀ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሻርፕ መሸጫው። ጎናችን የነበሩት ፈረንጆች ገና ቆጮውን በማር ነክረው ሳይጨርሱ ሳህኑ ተነሳ። «ሁሉም ተካቷል» የተባለው ደግሞ መግቢያው ለብቻ፣ የፎቶው ለብቻ፣ የጭፈራው ጉርሻ ለብቻ ሆኖ መጣ። ከከፈልነው ውስጥ ለመንደሩ ስንት እንደደረሰ ስንጠይቅ ወሬው ወደ አየር ፀባይ ዞረ። ስማቸውን አልጠራም። ቅሬታዬን ለራሳቸው ጽፌያለሁ፣ እስካሁን «እናየዋለን» ላይ ናቸው።

ያዳነን የመንደሩ የራሱ አስጎብኚ ነው። ሃይዞ የሚባለው የዶርዜ መንደር የራሱ ወጣት አስጎብኚዎች አሉት፣ ቤት ለቤት የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። ልጁ ወደ መኪናው ስንሄድ ቀስ ብሎ ጠጋ አለና «ነገ ጠዋት ቅርጫ አለ፣ ብታድሩ ጥሩ ነበር» አለን። ተያየን፣ ሻንጣችንን አወረድን፣ መኪናው ሄደ። ለእንግዳ በተዘጋጀ የቀርከሃ ቤት አደርን።

ስለ ቤቱ ትንሽ ልበል። የዶርዜን ቤት በፎቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ፊቱ የዝሆን ፊት ነው፣ ከበሩ በላይ እንደ ዓይን ሁለት ቀዳዳ፣ መሃል ላይ ወደ ፊት የወጣ አፍንጫ። በፎቶ የማይታየው ቁመቱ ነው። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ምስጥ ከታች ይበላዋል፣ የተበላውን ይቆርጡታል፣ ቤቱ በየዓመቱ እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ የቤቱን ዕድሜ ከበሩ ታውቃላችሁ። እኛ የበላንበት ቤት ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት፣ እኔ ደግሞ ረጅም አይደለሁም። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ጎረቤት ተሰብስቦ ሙሉ ቤቱን ተሸክሞ ያዛውረዋል። ውስጡ መሃል ላይ እሳት አለ፣ በአንድ በኩል የከብቶቹ ቦታ። ጭሱ ቀርከሃውን ከምስጥ ይጠብቃል አሉን። ዓይኔን ግን አልጠበቀውም፣ ሲያለቅስ አደረ።

ማታ የቤቱ እናት ቆጮ ሲያዘጋጁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፓኬጁ ላይ ተጋግሮ ነው የሚመጣው፣ ሥራው አይታይም። ሥራው ግን ጉድ ነው። እንሰቱ ዓመታት ቆሞ ነው ለመቆረጥ የሚደርሰው። ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይቀበራል፣ እዚያ ለወራት ይብላላል። ከጉድጓድ የወጣውን ሲፈቱት ሽታው አፍንጫን ይመታል፣ አልዋሽም። ከዚያ ጣውላ ላይ አድርገው በቢላ ይከትፉታል፣ ቃጫው እስኪበጣጠስ ድረስ፣ ታክ ታክ ታክ፣ ሳያቋርጡ፣ ፊታቸውን ወደኛ አዙረው እያወሩ። «እስቲ ልሞክር» ብዬ ቢላውን ተቀበልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «ተይው ልጄ፣ ጣትሽን ትቆርጫለሽ» ብለው ወሰዱት። ከዚያ በሁለት የእንሰት ቅጠል መሃል አሳስተው ምጣድ ላይ ጣሉት። ቅጠሉ እየጠቆረ ሲሄድ ያ ሽታ ወደ ሌላ ነገር ይቀየራል፣ ዳቦ ዳቦ ይላል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ የአገራችን ሰው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ኑሮ ይኖራል ይባላል፣ እኔ ግን ቆጮ ከክትፎ ጎን ብቻ የሚቀመጥ ነገር አድርጌ ነበር ያደግኩት።

ማሩን ብዙ አታስቡት፣ ለጀማሪ ነው። ጨዋታው ዳጣው ጋ ነው። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሌላም ቅመም አብሮ የተፈጨ፣ ምላስ ላይ ቶሎ የማያቃጥል፣ ዋጥ ካደረጉት በኋላ ግን ጆሮ ድረስ የሚሄድ። አረቄውም ቀልድ አይደለም። ሲቀርብላችሁ ቀመስ አድርጋችሁ ማስቀመጥ ነውር የለውም፣ ማንም አላስገደደንም።

ጠዋት ቅርጫው ጋ ሄድን። የመጣነው ለዚህ ነው ማለት እችላለሁ። ጎረቤቶቹ ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ አዋጥተው ነው በሬውን የገዙት። ሣሩ ላይ የእንሰት ቅጠል ተነጠፈ፣ ስጋው መደብ መደብ ተደረገ። ሚዛን የለ፣ ኪሎ የለ። ከጎድኑም፣ ከታናሹም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም እያንዳንዱ መደብ ላይ ይደርሳል። ሁለት ወጣቶች ያካፍላሉ፣ አንድ አባት ደግሞ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በመደቦቹ መሃል ይመላለሳሉ። ቆም አሉ። ከአንዱ መደብ አንዲት ቁራጭ አነሱና ሌላው ላይ አደረጉ። ራቅ ብለው አዩት። ተመልሰው ያችኑ ቁራጭ ወደ ቦታዋ መለሱ። ማንም «ይበቃል» አላላቸውም፣ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ዕጣ። እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ሰጠ፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ሳንቲም። ሩቅ ሲጫወት የነበረ ልጅ ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ጣለ። የደረሰህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ክርክር የለም። እኛም የአንድ መደብ ከፍለን ገብተን ነበር፣ ምልክታችን የጃኬት ቁልፍ ነበረች። እንግዳ ናቸው ተብሎ የተለየ አልተሰጠንም፣ የተቀነሰብንም የለም። ፓኬጁ ላይ ግን እንግዳው ለብቻው ይበላል፣ የመንደሩ ሰው ቆሞ ያያል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ እኔን ያናደደኝም ይሄው ነው።

ከመደቡ ላይ ጥቂቱ እዚያው በዳጣ ይበላል፣ ጥሬውን። የኮሶውን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ፣ ጥሬ የማይስማማው ቢጠበስልኝ ብሎ ቢጠይቅ ማንም አይቀየምም።

ከመብላቱ በፊት ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ፣ ሁሉም አሜን አለ። ያንን ሣር ሳይ ወዲያው የመጣብኝ የመስከረም 2011ዱ ነው፣ የጋሞ አባቶች (ዶርዜዎችም ጋሞ ናቸው) አርባ ምንጭ ላይ በቁጣ የወጡ ወጣቶች ፊት ሣር ይዘው ተንበርክከው ያስቆሙበት። ያኔ ቪዲዮውን አይቼ ተደንቄ አልፌ ነበር። እዚህ ስታዩት ሣሩ በየበዓሉና በየዕርቁ የሚያዝ የቤት ነገር ነው፣ ለዚያ ቀን ተብሎ የተፈለሰፈ አይደለም።

ከዚያ ቤት ለቤት ነው። «ዮ ማስቃላ!» እየተባለ ትገባላችሁ፣ ትበላላችሁ፣ ትወጣላችሁ፣ ሌላ ቤት ትጠራላችሁ። ምክሬ፣ የመጀመሪያው ቤት ላይ አትጥገቡ። እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ ሦስተኛው ቤት ላይ ገንፎ በቅቤ ሲመጣ ቀበቶዬን በድብቅ ፈታሁ። ከተሰበሰቡት ወንዶች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳና ከጉለሌ ለበዓሉ የገቡ ሸማኔዎች ናቸው። እኔ ባህል ፍለጋ ሄጄ ስለ ቤት ኪራይ መወደድና ስለ ጥጥ ክር ዋጋ ሳወራ አመሸሁ። አንደኛው ጋሼ «እናንተ ለጥምቀት የምትለብሱትን እኛ በክረምቱ ነው የምንጨርሰው» አሉኝ። ቀሚሴን ስንት እንደገዛሁት ሲጠይቁኝ ግን ቀንሼ ነገርኳቸው።

ዘፈኑ ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንድ አውጪ ሌላው ተቀባይ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው በሌላ ድምፅ ይገባበታል፣ ሦስተኛው ከላይ፣ የቀረው ከስር፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ አንድ ላይ ይሄዳል። በፓኬጁ ስንሰማው ገና ድምፁ ሳይያያዝ ነው ያስቆሙት። ማታ በራሳቸው ሰዓት ሲዘፍኑት የሚያቆማቸው የለም።

የማይመቸውን አልደብቅም። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ብርድ ልብስ ሁለት ጠይቁ። መጸዳጃ ቤቱ የጉድጓድ ነው፣ ማታ ባትሪ ያስፈልጋል። ፎቶ የሚያስከፍሉ አሉ፣ ሳትጠይቁ ካነሳችሁ ጭቅጭቅ ነው፣ ልክም ናቸው። «ሃይላንድ፣ ካራሜላ» እያሉ የሚከተሏችሁ ልጆች ያደክማሉ። በካርድ የሚከፈል ነገር የለም፣ ጥሬ ብር ያዙ። አስጎብኚና መግቢያ እዚያው መንደሩ ውስጥ ይከፈላል፣ ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ በኋላ መጨቃጨቁ ለሁለታችሁም ደስ አይልም።

ቀን አያያዝ ላይ አንድ ነገር። ደመራው መስከረም 16 ነው፣ መስቀሉ 17፣ ዶርዜ ላይ ግን በዓሉ በማግስቱ አያልቅም፣ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ስለዚህ ትንሽ ዘግይታችሁ ብትሄዱ ግርግሩ ይቀንስላችኋል። ረቡዕና አርብ ከዋለ ጾመኛ ቤት ስጋ አትጠብቁ፣ ቆጮና ዳጣ ግን አለ። መስቀል ያመለጠው ሰኞ ወይም ሐሙስ ይሂድ፣ የዶርዜ ገበያ ቀን ነው። ቅርጫውን አያገኝም፣ መንደሩን ግን በሥራ ላይ ያገኘዋል።

ዱንጉዛ መግዛት የምትፈልጉ፣ ያ ቀይና ቢጫ በጥቁር ያለበትን የሽመና ልብስ፣ መንገድ ዳር ከተሰቀለው በፊት መወርወሪያ የያዘውን ሰው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በዋጋ ይሻላል፣ ብሩም ቀጥታ ለእሱ ይደርሳል። መልስ ላይ ደግሞ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው ሚኒባስ በበዓሉ ሰሞን ጠዋቱን ይሞላል። እኛ አርፍደን ወጥተን በአይሱዙ ነው የወረድነው፣ ከሁለት ፍየልና ከአንድ ጆንያ ድንች ጋር።