ቪሲ በካርድ፣ ቪሲ በቴሌግራም፣ ቪሲ በላብ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቅርጫት ኳሱን ጌም ኤንቢኤ 2ኬን የጀመረ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቁሞኝ "ቪሲ (የጌሙ ገንዘብ) ከየት ልግዛ?" ይለኛል። አትግዛ ነው መልሴ። ምክንያቱን በብር ላስላው።

ማይ ካሪየር ላይ፣ ማለትም የራስህን ተጫዋች ፈጥረህ በምታሳድግበት ክፍል፣ የተጫዋቹ የችሎታ ነጥብ ከ60 ነው የሚነሳው። ማንም ሳይጠብቀው ወርውሮ ይስታል፤ ሲሮጥ እግሩ የታሰረ ይመስላል። ፍጥነቱንም ሦስት ነጥቡንም የምታሳድገው በቪሲ ነው።

ካርዱን እንይ። 75,000 ቪሲ 20 ዶላር ነው። የእኛ የብር ካርድ የጌሙ መደብር ላይ ስለማይሠራ የአሜሪካ አካውንት ከፍተን ጊፍት ካርድ ከነጋዴ እንገዛለን። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ ይሄ ይቻል ነበር። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን አይቀመስም። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ስገዛ 3,600 ብር ከፍዬ 85 እንኳ ሳልደርስ አለቀብኝ። ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ቀጣዩ እየተወደደ ነው የሚሄደው። ደግሞ በእንቁጣጣሽ ሰሞን አዲሱ ጌም ሲወጣ የድሮው ቪሲ አብሮህ አይሻገርም። እንደገና ከ60!

ቴሌግራም ላይ "በግማሽ ዋጋ እንሞላለን" የሚሉት ይባስ። ፓስዎርድህን ይጠይቃሉ። ሰጠኋቸው፣ ሞኝ ነኝ። 1,500 ብር ልኬ ሁለት ቀን ቪሲው ታየ፤ በሦስተኛው ቀን አካውንቱ ታገደ። ሰውዬው ላሽ አለ። የሄደው 1,500 ብር ብቻ አይደለም፣ በዚያ አካውንት የገዛሁት ጌምም አብሮ ሄደ። የተሞላ አካውንት የሚሸጡም አሉ፤ ኢሜይሉ በእጃቸው ስለሆነ ሲፈልጉ መልሰው ይወስዱታል።

ኮፒ ጌም ላፕቶፕ ላይ የጫኑ ልጆችም ይጠይቁኛል። ከሰርቨሩ ጋር ስለማይገናኝ የኦንላይኑን ቪሲ እርሱት። ያለፉ ዓመታትን ሲዲ በርካሽ የምትገዙም ተጠንቀቁ። የ2ኬ23 ሰርቨር በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ተዘግቷል።

የቀረው ተጫውቶ መሰብሰብ ነው። እኔ ጥሩ በተጫወትኩበት ጌም 1,200 አካባቢ አገኛለሁ። 75,000 ለመሙላት 62 ጌም ገደማ፣ አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ 31 ሰዓት። 3,600 ብሩ ለ31 ሲካፈል በሰዓት 116 ብር እየተከፈለኝ ነው ማለት ነው። ከባድ ዲፊከልቲ የተሻለ ይከፍላል። በየቀኑ ገብተህ ነፃውን ሽልማት ውሰድ፣ የሎከር ኮድ (ጌሙ ውስጥ ስታስገባው ሽልማት የሚሰጥ ኮድ) ሲወጣ አትለፈው። ቁመትና ፖዚሽን ሳታስብ አትምረጥ፤ አንድ ረጅም ሴንተር ላይ ወር ሙሉ አፍስሼ ኳስ ማንጠር ሲያቅተው አዲስ ጀምሬያለሁ። የፈሰሰው አይመለስም። 85 ሳትደርስ ደግሞ ጫማና ልብስ አትግዛለት፣ ራቁቱን አይጫወትም።

ፕሌስቴሽን ቤት ሄዳችሁ የምትሰበስቡ፣ ቪሲው የሚቀረው በቤቱ አካውንት ላይ ነው። ለባለቤቱ እየሠራችሁለት ነው።

የእኔም መንገድ ጣጣ አለው። ትናንት ማታ 31 ነጥብ አግብቼ፣ አራተኛው ኳርተር ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ያ ጌም አልተቆጠረም። ዛሬ 62ቱ 63 ሆነዋል።